«ጌም ብቻ ነው» አትበሉኝ

ገጹን ልትገልጡት እንደሆነ ይገባኛል። «ደግሞ አንዱ ስለ ስልክና ስለ ጌም ሊቆጣን ተነሣ» ብላችኋል። ጥቂት ታገሡኝ፤ ቁጣው ከምትጠብቁት ወገን አይመጣም። እኔ ራሴ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ከአገሬ ካርታ ይልቅ የጥንቷን ቻይና ካርታ አብጠርጥሬ የማውቅ ልጅ ነበርኩ። የዓባይን ገባሮች ስጠየቅ እየተንተባተብኩ የቢጫ ወንዝን መሻገሪያዎች ግን ዐይኔን ጨፍኜ እጠራ ነበር። ስለዚህ ዛሬ የምከሰው በሩቅ የማየውን ሳይሆን የኖርኩበትን ቤት ነው።

በየሕብረታችን ስለ ጌም የሚሰበከውን ታውቁታላችሁ። ደም ያለማምዳል፣ ሰዓት ይበላል፣ አንዳንዱም የአስማት ሥዕል አለበት ይባላል። ሰባኪው ይህን ሲል ጥግ ላይ የተቀመጠው ልጅ በልቡ «የእኔው እንደዚህ አይደለም» ይላል። እውነቱን ነው። እኔ የምጫወተው ጌም የሚረጭ ደም የለበትም። ካርታ ነው፣ ቁጥር ነው፣ አስቦ አንድ ትእዛዝ ሰጥቶ የባላጋራን ተራ መጠበቅ ነው። እናቴ አንድ ማታ ከኋላዬ ቆማ አየችና «ይሄማ ሒሳብ ነው» ብላ ሻይ አመጣችልኝ። የወጣት መሪያችን እንኳ «እሱስ ስትራቴጂ ያስተምራል» ብሎ አልፎኛል።

እኔን የጎዳኝ ግን ያ ንጹሑ ጌም ነው። ተኩስ ካለባቸው ጌሞች አንዱም እንደዚህ አልጎዳኝም።

ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ። ኮኤይ የተባለ የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1985 የጀመረው «ሮማንስ ኦፍ ዘ ስሪ ኪንግደምስ» የተሰኘ ተከታታይ ጌም ነው፤ የሦስቱ መንግሥታት ታሪክ እንደ ማለት ነው። ዐሥራ አራተኛው እትም እ.ኤ.አ. በ2020 ወጥቷል። መሰሎቹ ደግሞ ዛሬ በየስልካችሁ አሉ። የጌሙ መነሻ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደተጻፈ የሚነገርለት የቻይና ልብ ወለድ ሲሆን፣ የልብ ወለዱ መሠረት ደግሞ እውነተኛ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ184 የሐን ሥርወ መንግሥት በገበሬዎች ዐመፅ ተናጋ። መሳፍንቱ እርስ በርስ ተባሉ፣ አገሪቱ በመጨረሻ ለሦስት ተከፈለች፣ ተመልሳ አንድ እስክትሆን ድረስም 280 ደረሰ። የእኛን ዘመነ መሳፍንት ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

አንተ ከመሳፍንቱ አንዱን ትሆናለህ። (አንቺም እኅቴ፤ ከዚህ በኋላ «አንተ» ስል ሁለታችሁንም ነው።) ከተማ ይሰጥሃል። ከተማው ስም አለው፤ ከስሙ ሥር ግን ያለው ቁጥር ብቻ ነው፦ ወርቅ፣ እህል፣ ወታደር፣ ሕዝብ፣ ሕዝቡ ለአንተ ያለው ፍቅር። ተራህ ሲደርስ ታዛለህ። እርሻ አልማ፣ ግብር ሰብስብ፣ ወታደር መልምል፣ ሰላይ ላክ፣ የጠላትን ጎተራ አቃጥል። ወታደር ስትመለምል የሕዝቡ ፍቅር ይቀንሳል፤ እህል ስትሰጠው ተመልሶ ይወጣል። ስንት እህል ስንት ፍቅር እንደሚገዛ ሁለት ሳምንት የተጫወተ ልጅ በቃሉ ያውቀዋል።

የጦር አለቆችህም እንዲሁ ናቸው። ዡጌ ሊያንግ የተባለው ጠቢብ በአብዛኛው እትም የማስተዋል ነጥቡ 100 ነው። ሉ ቡ የተባለው ጦረኛ የውጊያ ነጥቡ 100 ነው። እያንዳንዱ አለቃ በተጨማሪ «ታማኝነት» የሚባል ቁጥር አለው። አንዱ ሰው ታማኝነቱ 73 ከሆነ ጠላት ሊያስኮበልለው ይችላል፤ ስለዚህ ወርቅ ትሸልመዋለህ፣ 80 ይሆናል፣ ትተኛለህ። እኔ ለስንት ሌሊት ይህን ቁጥር ሳሳድግ አድሬ ጠዋት ለጸሎት ፕሮግራም ዐይኔን እያሸሁ እንደመጣሁ ጌታ ያውቃል።

እንግዲህ ክሴን ላቅርብ። ይህ ጌም የሚያስተምረው መግደልን አይደለም። የሚያስተምረው መቀመጫን ነው። ከካርታው በላይ ያስቀምጥሃል። ከዚያ ላይ ሆነህ ሁሉ ይታይሃል፤ አንተን ግን ማንም አያይህም። ሰው ወደ ላይ ቀና ብሎ «ምን እያደረግኸኝ ነው?» አይልህም። ሺህ ገበሬ ወታደር ስታደርግ የአንዲቱን እናት ፊት አታይም፤ የምታየው ፍቅር ከ62 ወደ 58 መውረዱን ነው። በዚህ መቀመጫ ላይ በቀን ሦስት ሰዓት፣ ለሁለት ዓመት የተቀመጠ ልጅ ስልኩን ሲያጠፋ መቀመጫውም አብሮት የሚጠፋ ይመስላችኋል? እኔ አልጠፋልኝም። የት እንደተከተለኝ ልንገራችሁ።

በ2011 ዓ.ም. በወጣት ሕብረታችን የወንጌል ሥርጭት አስተባባሪ ሆኜ ተመረጥኩ። የመጀመሪያው ዘመቻችን በአትክልት ተራ እንዲሆን ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ያኔ ገበያው ገና ከፒያሳ ወደ መርካቶ በሚወርደው በዚያው በጥንቱ ቦታው ነበር። ሌሊት ከመቂና ከዝዋይ በኩል የመጡ አይሱዙዎች ሽንኩርትና ቲማቲም ያራግፋሉ። መሬቱ በጎመን ቅጠል ያንሸራትታል፣ ኩንታል የተሸከመ ሰው ከኋላህ «ገለል በል!» ሲልህ ቶሎ ካልተገለልክ አብረኸው ትወድቃለህ። ሦስት ቀን እየሄድኩ አጠናሁት። ካርታ ሠራሁ። ሽንኩርቱን ለብቻ፣ ቲማቲሙን ለብቻ፣ ፍራፍሬውን ለብቻ፣ የመኪና ማራገፊያውን ለብቻ አድርጌ በአራት ከፈልኩት። ደላሎቹን በቀይ፣ ባለሱቆቹን በሰማያዊ፣ ጫኝና አውራጆቹን በጥቁር ቀለም ምልክት አደረግሁ። መሪዎቼ ካርታውን ሲያዩ በጣም ተደሰቱ። እኔም ደስ አለኝ፤ ደስታው ከየት እንደሚመጣ ግን ልቤ ያውቅ ነበር። ያ ስሜት የቻይናው ካርታ ስሜት ነበር።

ይህ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ። ለዘመቻው የሚወጡትን 16 ወጣቶች ጥንድ ጥንድ ማድረግ ነበረብኝና በአንድ ደብተር ስማቸውን ጽፌ ለእያንዳንዳቸው ከ10 ነጥብ ሰጠሁ። ድፍረት፣ የቃል እውቀት፣ ትጋት። አዎ፣ ሰጥቻለሁ። ለምን እንደሆነ ሳላስበው እጄ አራተኛ አምድ አሰመረና ከላዩ ላይ «ታማኝነት» ብሎ ጻፈ። ቅዳሜ ፕሮግራም የማይቀር 8 እና 9፤ የሚቀር 5፣ 4።

በዚያ ደብተር ላይ 4 ከተሰጣቸው አንዷ ዝምተኛ እኅት ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ትቀራለች፣ ስትመጣም ዘግይታ ነው። ድፍረትም ዝቅተኛ ሰጥቻት ስለነበር «ብዙ ጉዳት የማታደርስበት» ቦታ ብዬ ከሌላ ዐይን አፋር ልጅ ጋር ወደ ማራገፊያው፣ ወደ ጥቁር ምልክቶቹ ላክኋት። ጠንካሮቹን ወደ ደላሎቹ ነው የላክሁት፤ ደላላ ቢያምን ገበያው ሁሉ ይሰማል ብዬ። ስትራቴጂ መሆኑ ነው።

ከሰዓት በኋላ ተሰብስበን ሪፖርት ሰማን። ጥንዶቹ እየተነሡ 9 ሰው፣ 12 ሰው፣ 7 ሰው አሉ። በጠቅላላው 41 ሰው ተመሰከረለት፣ 6 ሰው ጌታን ተቀበለ። ጭብጨባ ሆነ፣ ተዘመረ። የዝምተኛዋ እኅት ተራ ሲደርስ «አንድ ሰው» አለች። ሌሊቱን ሲያራግፍ አድሮ ባዶ ኩንታል ላይ ጋደም ካለ ልጅ ጋር ሁለት ሰዓት ተኩል ተቀምጣ ነበር። «ጸለያችሁ?» አልኳት። «አይ፣ እሱ ነው ብዙ የተናገረው» አለች። እኔ በደብተሬ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ወጣት፣ ጫኝ፣ ውሳኔ የለም።» ከዚያ ወደሚቀጥለው ጥንድ አለፍኩ።

ደብተሩን ከሁለት ሳምንት በኋላ ወንበር ላይ ረስቼው አየችው። ቁጣ አልተቆጣችም። ገልጣ ስሟን አገኘች፣ አራቱንም አምድ አነበበች፣ ዘግታ ሰጠችኝ። ቅዳሜ የምትቀረው ከእናቷ ጋር ጉልት ላይ ስለምትቀመጥ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ከሌላ ሰው ነው። እሷ ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ሕብረቱ አልመጣችም።

ወንድሜ፣ «ይህ የአንተ ጥፋት ነው፤ ጌሙ ምን አደረገ?» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በንስሐ ይዤዋለሁ። ነገር ግን ያ ደብተር ከሰማይ አልወረደልኝም፣ ቅዱስ ቃሉም ውስጥ አላገኘሁትም። አምዶቹን በየሌሊቱ ለሁለት ዓመት ሳያቸው ነበር።

ቅዱስ ቃሉ ውስጥ አላገኘሁትም ስል ተሳስቻለሁ፤ አለ። 2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 24 ላይ አለ። ዳዊት ሸምግሎ፣ ጠላቶቹ ሁሉ ተሸንፈው፣ አንድ ቀን ሕዝቡን ለመቁጠር አማረው። ኢዮአብ፣ ያ እጁ በደም የተነከረ ጦረኛ እንኳ፣ ነገሩ ከብዶት ንጉሡን ተከራከረ። ዳዊት እንቢ አለ። ቆጣሪዎቹ አገሩን ለ9 ወር ከ20 ቀን ዞሩ። ቁጥሩም መጣ፦ ከእስራኤል 800 ሺህ፣ ከይሁዳ 500 ሺህ ሰይፍ የሚመዝ ሰው። ልብ በሉ፤ የመጣው የሰይፍ ቁጥር እንጂ የሰው ስም አይደለም። በዚያች ሌሊት ዳዊት ልቡ መታው። ቸነፈሩም 70 ሺህ ሰው ወሰደ። ዳዊት መልአኩን ሲያይ የለመነው ልመና እስከ ዛሬ ያስለቅሰኛል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ በጎቹ ምን በደሉ አለ። ከዘጠኝ ወር ቆጠራ በኋላ ሰዎቹ እንደገና በጎች ሆኑለት። እረኛ መሆኑን ያስታወሰው ከመቃብሩ ብዛት በኋላ ነው።

ይኸው ንጉሥ ቀደም ብሎ ሌላ ተራ ተጫውቶ ነበር። ኦርዮን ግንባር ላይ አስቀምጡት፣ ከዚያ ሽሹለት የሚል ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤውን ለኢዮአብ ያደረሰው ራሱ ኦርዮ ነው። ሪፖርቱ ሲመጣ ዳዊት ለመልእክተኛው የሰጠው መልስ ነገሩን ቀለል አድርገህ እየው፣ ጦርነት እንደሆነ እንዲሁ ነው የሚል ዓይነት ነበር። ጌም የተጫወተ ሁሉ ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ናታን መጥቶ ያፈረሰው ይህን መቀመጫ ነው። ያፈረሰውም በቁጥር አልነበረም፤ ስለ አንዲት የበግ ግልገል፣ ከድሃው ጋር ከአንድ ጽዋ ስለምትጠጣ ግልገል በማውራት ነው።

አሁን የእናንተን መልስ ልስማ። በጥናት ቡድን ውስጥ ይህን ሳቀርብ ሁለት ጎበዞች ተነሥተውብኛልና ክርክራቸውን ሳልደብቅ አቀርባለሁ።

አንዱ ሉቃስ 14ን አነሣ። ጌታ ራሱ በ10 ሺህ ሰው 20 ሺህ ይዞ የሚመጣበትን መቋቋም ይችል እንደሆነ ተቀምጦ ስለሚመክር ንጉሥ አልተናገረም ወይ? ተናግሯል። ማሰብ፣ ማቀድ፣ ዋጋን መተመን ኃጢአት ነው አላልኩም፤ የሚል ካለ እኔም ከእናንተ ጋር እቃወመዋለሁ። ግን ምሳሌውን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ያ ንጉሥ አልበቃም ብሎ ሲያይ መልእክተኛ ልኮ ዕርቅ ይለምናል። በእኔ ጌም ውስጥ ግን ዕርቅ ማለት ለቀጣዩ ወረራ እህል ማጠራቀሚያ ጊዜ ነበር። ደግሞም ጌታ በዚያ ቦታ የሚተመነው ዋጋ የራስን ነፍስ ነው ይላል፤ የሌላውን ሰው አይደለም።

ሁለተኛው ይበልጥ ከበደኝ። እግዚአብሔር ራሱ አስቆጥሮ የለም ወይ? ከመጽሐፍ ቅዱስ መጻሕፍት አንዱ ስሙ ራሱ ዘኁልቁ አይደለም ወይ? አለኝ። ለአንድ ሳምንት መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ገለጥኩት። ዘኁልቁ ምዕራፍ 1 የሚያዘው በየወገኑ፣ በየአባቶች ቤት፣ በየስማቸው እንዲቆጠሩ ነው። ዘጸአት 30 ላይም ሕዝቡ ሲቆጠር እያንዳንዱ ግማሽ ሰቅል ለነፍሱ ቤዛ እንዲሰጥ ታዟል፤ ቸነፈር እንዳይመጣ። ባለጠጋ አይጨምርም፣ ድሃ አያጎድልም። ያ ሕግ ሰውን ስትቆጥር የማይቆጠር ነገር እየነካህ ነውና ተጠንቀቅ የሚል ይመስለኛል። 4 እና 9 የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም ግማሽ ሰቅል ነው።

ሌላም ልጨምር። አውግስጦስ ቄሣር ዓለሙን ሁሉ ሊያስቆጥር ትእዛዝ ባወጣ ጊዜ ጌታችን በዚያ ቆጠራ ላይ ተገኝቷል። የተገኘው ግን ከተቆጣሪዎቹ ወገን ነው፤ ከካርታው ሥር፣ ማደሪያ በጠፋበት ከተማ፣ በግርግም።

ይበቃል፤ ስብከት እንዳይሆንብኝ ወደ ጌሙ ልመለስ። ጌሙ የተወሰደበት ታሪክ ራሱ ይመሰክርልኛልና።

ታሪኩን ያነበብኩት ጌሙን ካቆምኩ በኋላ ነው፤ ሲሆን ሲሆን መጀመር የነበረብኝ ከእሱ ነበር። የሐን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ157 ሕዝቡን ሲቆጥር በመዝገብ 56 ሚሊዮን ያህል ሰው ነበር። ጦርነቱ ሁሉ አልቆ በ280 ሲቆጠር 16 ሚሊዮን ያህል ሆነ። የጎደለው ሁሉ ሞተ ማለት አይደለም፤ ብዙው ተሰድዷል፣ ባለርስት ጥላ ሥር ገብቶ ከመዝገብ ወጥቷል። ቢሆንም በመካከል ያለፈውን እልቂትና ረኀብ አስቡት። ፃኦ ፃኦ የሚባለው ገዢ፣ እኔ በጌሙ አዘውትሬ የምሆነው ሰው፣ በ193 አባቱ ስለተገደሉበት ሹዦ የሚባለውን ግዛት ወረረ። የዘመኑ ታሪክ እንደሚለው የሟቹ ብዛት የወንዙን ውኃ አገደ። እኔ ያንን ግዛት ስንት ጊዜ ወርሬዋለሁ? በእኔ ስልክ ላይ ግን ወንዙ ሁልጊዜ ሰማያዊ ነበር።

አሁን ሌላውን ስሙ። በ208 ፃኦ ፃኦ በታላቅ ሠራዊት ወደ ደቡብ ወረደ። ተቀናቃኙ ሊዩ ቤይ ሸሸ። ሲሸሽ ግን ሕዝቡ ተከተለው። ቁጥሩ ከ100 ሺህ በላይ ሆነ፤ በብዙ ሺህ ጋሪ ዕቃውን ጭኖ፣ አሮጊቱም ሕፃኑም አብሮ። በዚህ ምክንያት ሠራዊቱ በቀን ከአራት አምስት ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ አቃተው። አማካሪዎቹ ሕዝቡን ትተህ ወደፊት ገስግስ፣ የታጠቀው ሰው ጥቂት ነው፣ ጠላት ቢደርስብን በምን እንከላከላለን አሉት። በስትራቴጂ ዐይን አማካሪዎቹ ልክ ናቸው። እኔም ብሆን እንደነሱ ነበር የምለው። ሊዩ ቤይ ግን ለትልቅ ነገር መሠረቱ ሰው ነው፣ ሰዎች ወደ እኔ ተጠግተው ሳለ እንዴት ትቻቸው እሄዳለሁ የሚል መልስ እንደሰጠ ተጽፏል።

ውጤቱስ? 5 ሺህ ምርጥ ፈረሰኛ ገስግሶ ቻንግባን በሚባል ቦታ ደረሰበት። ተበተኑ። ሊዩ ቤይ ራሱ በጥቂት ፈረሰኞች ታጅቦ ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ትቶ አመለጠ፤ ልጁን ያዳነው ዣኦ ዩን የተባለ የጦር አለቃ ነው። ቅዱስ ሰው ነበር አልላችሁም፤ እንዳያችሁት መጨረሻ ላይ የሸሸው ብቻውን ነው። ነገር ግን ከ1,800 ዓመት በኋላ ቻይናውያን አሁንም ስሙን በፍቅር የሚያነሡት በዚያች ዝግተኛ ጉዞ ምክንያት ጭምር ነው። እኔ በተጫወትኩት እትም ውስጥ ከሕዝቡ ጋር ቀስ ብለህ ሂድ የሚል ትእዛዝ አልነበረም። ቢኖርም አልነካውም ነበር፤ ተራ ያባክናላ!

ደግሞም ከሦስቱ መንግሥታት አንዱም አላሸነፈም። ቻይናን በ280 አንድ ያደረገው ሦስቱም ያልነበሩበት የጂን ሥርወ መንግሥት ነው። ጌሙ ግን ካርታውን በሙሉ በአንድ ቀለም እስክትቀባ ድረስ እንድትጫወት ይፈቅድልሃል።

በነገራችን ላይ፣ የስልት ጨዋታ ሁሉ ይቅር የምል እንዳይመስላችሁ። የራሳችን ሰንጠረዥ አለ። ሪቻርድ ፓንክረስት ታሪኩንና ሕጉን ጽፎልናል። አጀማመሩ ወረራ ይባላል፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ። በኃይለኛው ጠጠር ንጉሡን ማጥመድ ብዙም አያስመሰግንም ነበር፤ በደካማው ጠጠር የዘጋ ግን ይደነቃል። ተመልካቹ ዙሪያውን ቆሞ ያግዛል፣ ይሳለቃል። ባላጋራህ ፊት ለፊትህ ተቀምጧል፤ ሲናደድ ታየዋለህ፣ ሲስቅም። ጨዋታው ሲያልቅ አብራችሁ ትበላላችሁ። ገበጣም እንዲሁ ነው። እነዚህን ለጨዋታ ምሽታችን ብናመጣቸው እኔ የመጀመሪያው ተጫዋች ነኝ፤ መሸነፌም አይቀርም።

ወደ ራሳችን ቤት ልግባና አንድ የሚያስቀይም ነገር ልናገር። ይህን ጌም ነክቶት የማያውቅ መሪም በዚያ መቀመጫ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። የዓመቱን ሪፖርቶቻችንን እዩ። ስንት ተመሰከረለት፣ ስንት ዳነ፣ ስንት ተጠመቀ፣ ስንት ወጣት ወደ ኳየር ተዛወረ። «ተዛወረ» የሚለውን ቃል እንዴት እንደለመድነው ታስተውላላችሁ? እከሌን ወደ መስተንግዶ፣ እከሊትን ወደ ልጆች አገልግሎት፣ እሱ ጠንካራ ነው ወደ ፊት፣ እሷ ደካማ ናት ወደ ኋላ። ሪፖርት ይቅር አልልም፤ የሐዋርያት ሥራም 3 ሺህ ነፍስ ብሎ ቆጥሯል። ነገር ግን እዚያው መጽሐፍ ላይ ጣቢታ በስሟ አለች፤ መበለቶቹ የሰፋችላቸውን ልብስ እያሳዩ ያለቅሱላታል። በእኛ የሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ መበለቶቹ የትኛው አምድ ላይ ይገባሉ?

እንግዲህ «ጌም ብቻ ነው» አትበሉኝ። ጌም ብቻ ቢሆን ኖሮ ደብተሬ ውስጥ አይገባም ነበር። ስልካችሁን ጣሉ የሚል ትእዛዝም ከእኔ አትጠብቁ፤ እኔ ራሴ ያጠፋሁት ጌሙን እንጂ ስልኩን አይደለም። አንድ ነገር ብቻ እጠይቃችኋለሁ። ዛሬ ማታ ተራችሁ ሲደርስ ጣታችሁን ከማንሣታችሁ በፊት ባለፈው ሳምንት የትኛውን ወንድም፣ የትኛዋን እኅት በዚሁ ዐይን እንዳያችሁ አስታውሱ።

የአትክልት ተራው ልጅ ነገር ግን አልለቀቀኝም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ገበያው መጨናነቁን ለመቀነስ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፤ በኋላ ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት። ምክንያቱ በጎ ነበር፤ ካርታ ላይም ሁለት ቀስት ብቻ ነው። መሬት ላይ ግን ለማራገፊያው ቅርብ ብሎ ቤት የተከራየ፣ ምሳውን በዱቤ የሚበላበት ደንበኛ ያለው፣ የሚጠራው ደላላ የሚያውቀው የቀን ሠራተኛ ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከዜሮ ጀመረ።

ባለፈው ዓመት አንድ ሌሊት ተነሥቼ ኃይሌ ጋርመንት ሄድኩ። 11 ሰዓት ገደማ ነበር፤ አይሱዙዎቹ ተሰልፈዋል፣ ሽንኩርት ይራገፋል። ከጫኞቹ በዕድሜ ጠና ያሉትን አንዱን ሰላም ብዬ ከድሮው ቦታ ጀምሮ ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «እንዴታ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ» አሉኝ። አንድ ልጅ እየፈለግሁ ነው፣ ያኔ ወጣት ነበር፣ ማራገፊያው ላይ ይሠራ ነበር አልኳቸው።

«ማን ይባላል ልጄ?»

ዝም አልኩ። እሳቸውም ትንሽ ጠበቁኝና ኩንታሉን ተሸክመው ሄዱ።

እዚያው ዳር ላይ ቆሜ እስኪነጋ ጠበቅሁ። ከዚያ ለዚያች እኅት ደወልኩላት፤ ከዓመታት በኋላ። ስልኩን አነሣች። ሰላም ተባባልን፣ የእናቷን ጤና ጠየቅሁ። ከዚያ ስለ ልጁ ስጠይቃት ሳታስብ ስሙን ነገረችኝ፤ የአባቱን ስም፣ የመጣበትን ወረዳ፣ ሁለት ታናናሽ እኅቶች እንዳሉት ጭምር። ገበያው ሲዛወር ሥራ ጠፍቶበት ወደ አገሩ ተመልሷል፤ አሁንም አንዳንዴ ይደውልላታል።

«ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«አልጠየቅኸኝማ» አለች።